ጣሳው ላይ ይጻፍልን

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
ለአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በቲነርና በማስቲሽ ማሸጊያ ላይ ይዘቱ በግልጽ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በየሰፈሩ ባሉ የጫማ፣ የእንጨት፣ የሶፋና የመኪና ቀለም ሥራ ቤቶች ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ቲነርና ማስቲሽ እየተነፈሱ ስለሚሠሩ ወገኖቻችን ነው። ዋናው ጥያቄዬ አንድ ነው። ገበያ ላይ የሚውለው ጣሳ፣ ጀሪካንና ጠርሙስ ምን ምን እንደያዘ ተጽፎበት ይሸጥ። ጥያቄው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የታመመውን ሠራተኛ የሚመረምረው ሐኪም፣ እሳቱን ለማጥፋት የሚሮጠው ሠራተኛ፣ የሥራ ቦታውን የሚፈትሸው ተቆጣጣሪና ያገለገለውን ቲነር አጣርቶ መልሶ ሊጠቀምበት የሚፈልገው ባለሙያ ሁሉም ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚያ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በሌለበት ሁሉም በግምት ይሠራሉ።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ከትምህርት በኋላ አባታቸውን ወይም አጎታቸውን ለማገዝ ወደ ሥራ ቤት የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ቲነር የአንድ ኬሚካል መጠሪያ አይደለም። አንዱ ሻጭ የሚሸጠው በአብዛኛው ቶሉይን ሊሆን ይችላል፤ የሌላው ዛይሊን፣ አሴቶንና ሜታኖል የተቀላቀሉበት ነው። ማስቲሽም እንዲሁ ነው፤ ጎማ መሰል ነገር በቶሉይን፣ በሄክሳን ወይም በሌላ ቶሎ በሚተን ፈሳሽ ሟሙቶ ይዘጋጃል። የሁሉም ሥራ አንድ ዓይነት ነው። ቀለሙን ወይም ሙጫውን ያሟሟሉ፣ እንዲለሰልስና እንዲቀባ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ተነው ይሄዳሉ። ሙጫው ደረቀ የምንለው ፈሳሹ ሄዶ ሲያልቅ ነው። የሄደውም ወደ ሌላ ቦታ አይደለም፤ ሰዎቹ ወደሚተነፍሱት አየር ነው።

መርካቶ ውስጥ ካሉት ትንንሽ የጫማ ሥራ ቤቶች ወደ አንዱ እንግባ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አራት አምስት ወጣቶች ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አንዱ በፎርማው ላይ የተወጠረውን ቆዳ ታች ታቹን በብሩሽ ማስቲሽ ይቀባል፣ ሌላው ሶሉን ይቀባል። የተቀባው ጣት ሲነካው የማይያዝ እስኪሆን መደርደሪያ ላይ ይቆያል፤ ከዚያ ይጋጠምና በመዶሻ ይመታል። የማስቲሹ ጣሳ ክዳን ጠዋት ተነሥቶ ማታ ነው የሚመለሰው። ከሰዓት በኋላ ማስቲሹ ሲወፍር ከሃይላንድ ጠርሙስ ቲነር ይጨመርበትና በእንጨት ይማሰላል። አቧራ ሙጫው ላይ እንዳያርፍ፣ በክረምት ደግሞ ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ ይዘጋል። ማእዘኑ ላይ የከሰል ምድጃ አለ፤ ቡና ይፈላበታል። አንዳንዱ ተለማማጅ ሌሊትም እዚያው ያድራል።

እዚህ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን በቅደም ተከተል ላስረዳ። መጀመሪያ የሚመጣው ራስ ምታት፣ ማዞርና የምግብ ፍላጎት ማጣት ነው። ሽታው ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጠፋ ይመስላል። የጠፋው ግን ሽታው ሳይሆን የአፍንጫው የማሽተት አቅም ነው፤ አፍንጫ ይለምዳል፣ አየሩ ግን እንደተበከለ ነው። ማስቲሹ ሄክሳን ያለበት ከሆነ ከወራት በኋላ ሌላ ነገር ይከተላል። ሰውነት ሄክሳንን ለማስወገድ ሲሞክር 2፣5 ሄክሳንዳዮን ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ነርቭን የሚጎዳው ይህ ነው፤ የሚጀምረውም ከረጃጅሞቹ ነርቮች ጫፍ ነው። የእግር ጣት ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ የእጅ ጣት። መቀስ ከእጅ ይወድቃል። ደረጃ መውጣት ይከብዳል፣ ነጠላ ጫማ ሳይታወቅ ከእግር ይወልቃል። ሕመሙ ሥራው ከቆመ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እየባሰ ይሄዳል። ለመዳን ወራት፣ ጠና ካለም ዓመታት ይወስዳል፤ ሙሉ በሙሉ የማይድንም አለ።

እንዲህ ያለ ወጣት ጤና ጣቢያ ሲሄድ ምን ይሆናል? እጅና እግሩ የደነዘዘ ሰው ያየ ሐኪም ስኳር በሽታን፣ የቫይታሚን እጥረትን፣ ሥጋ ደዌን ማሰቡ ተገቢ ነው። ጠንቃቃ ከሆነ ‹‹ሥራህ ምንድን ነው?›› ብሎ ይጠይቃል። ‹‹ጫማ እሠራለሁ›› ይባላል። ‹‹የምትጠቀሙበት ማስቲሽ ውስጥ ምን አለ?›› ለሚለው ግን መልስ የለም። ታማሚው አያውቅም፣ አሠሪው አያውቅም፣ የሸጠላቸው ባለሱቅም አያውቅም። ምርመራው እዚያ ላይ ይቆማል፤ ወጣቱም ሕመሙ ሲሻለው ወደዚያው ክፍል ይመለሳል።

ሌሎች አገሮች ይህን በብዙ ሰው ጉዳት ተምረውታል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቤታቸው ተቀምጠው የላስቲክ ሰንደል ጫማ የሚለጥፉ ሠራተኞች እግራቸው መድከም ጀመረ፤ ሐኪሞች ባደረጉት ክትትል 93 ታማሚዎች ተገኙ፣ መንስኤውም ማጣበቂያው ውስጥ የነበረው ሄክሳን ነበር። በቻይናዋ ሱጆ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 የስልክ መስተዋት የሚወለውሉ ሠራተኞች ላይ ያው ታሪክ ተደገመ። በአልኮል ፈንታ ሄክሳን የተሰጣቸው ቶሎ ስለሚደርቅና ሥራውን ስለሚያፋጥን ነበር፤ 137 ሠራተኞች መጎዳታቸውን ዕቃውን ያሠራው ኩባንያ ራሱ አምኗል።

ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበው የኢስታንቡል ታሪክ ነው። የቱርኩ የደም ሐኪም ሙዛፈር አክሶይ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ድረስ በከተማዋ ጫማ ሠሪዎች መካከል 26 የደም ካንሰርና የደም ካንሰር ቅድመ ምልክት ያለባቸውን ሰዎች መዘገቡ። የጫማ ሠሪዎቹ ጠቅላላ ቁጥር 28 ሺህ 500 ያህል ነበር። ምክንያቱ በማጣበቂያው ውስጥ የነበረው ቤንዞል ነው፤ ይህ ለመኪና ከምንቀዳው ቤንዚን የተለየ፣ ለብቻው የቆመ ውህድ ነው። ሥራ ቤቶቹ እንደኛዎቹ ትንንሽ፣ ጠባብና አየር የማይገባባቸው ነበሩ። ቤንዞል ከማጣበቂያው እየወጣ ሲሄድ የታማሚዎቹም ቁጥር ቀነሰ። ሐኪሞቹ መንስኤው ላይ ሊደርሱ የቻሉት ታማሚዎቹ የሚለጥፉበት ሙጫ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ስለቻሉ ነው።

በእኛ ሥራ ቤቶች የተለመደው መከላከያ ወተት ነው። ደግ አሠሪ ለሠራተኞቹ በየቀኑ ወተት ይገዛል፤ ልፋቱን አከብራለሁ። ነገር ግን እንፋሎቱ የሚገባው በሳንባ በኩል ሆኖ ቀጥታ ከደም ጋር ይቀላቀላል፣ ወተቱ ደግሞ ወደ ሆድ ነው የሚወርደው። ሁለቱ አይገናኙም። የጨርቅ ወይም የሕክምና ማስክም አቧራ እንጂ እንፋሎት አይዝም፤ እንፋሎት የሚይዘው የነቃ ከሰል ያለበት ማጣሪያ የተገጠመለት ማስክ ብቻ ነው፣ እሱም በጊዜው ካልተቀየረ ዋጋ የለውም። ማታ ላይ እጅን በቲነር መታጠብም ቆዳውን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል፤ ሜታኖል ካለበት በቆዳ በኩል ሰውነት ውስጥ ይገባል። ሜታኖል በብዛት ሲገባ የዓይን ነርቭን የሚያጠፋ መርዝ ነው። ጓንትም ቢሆን ይዘቱ ሳይታወቅ አይመረጥም። ናይትራይል የሚባለው ጓንት ሄክሳንን በደንብ ይከላከላል፤ አሴቶን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል።

አሁን ወደ እሳቱ ልምጣ። ሄክሳን ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ እንፋሎት ይሰጣል። እንፋሎቱ ከአየር ሦስት እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ጣሪያ አይወጣም፣ ወለል ለወለል እየተሳበ ይሄዳል። አየር ውስጥ 1 ነጥብ 1 በመቶ ሲደርስ የእሳት ፍንጣሪ ይበቃዋል። 30 ሜትር ኩብ የሆነ ዝግ ክፍልን ለዚህ ለማድረስ ሁለት ሊትር የማይሞላ ሄክሳን መትነን ይበቃል፤ ከወለሉ አጠገብ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ይሆናል። የከሰሉ ምድጃ የተቀመጠውም ወለሉ ላይ ነው።

የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሲደርስም ጥያቄው ያው ነው። ሄክሳንና ቶሉይን ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ውኃ ሲረጭባቸው እሳቱን ይዘው ወደ ጎረቤት ይፈስሳሉ። አሴቶንና ሜታኖል ደግሞ ከውኃ ጋር ይቀላቀላሉ፣ የተለመደውንም አረፋ ያፈርሱታል፤ ለእነሱ አልኮልን የሚቋቋም የተለየ አረፋ ያስፈልጋል። ሁለቱን ለመለየት በጭስ መካከል የሚገኘው አጭሩ መንገድ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማየት ነው።

ያገለገለው ቲነርስ ወዴት ይሄዳል? በእንጨትና በመኪና ቀለም ሥራ ቤቶች የቀለም መርጫው ታጥቦ ሲያበቃ የቆሸሸው ቲነር ብዙ ጊዜ ደጅ ያለው ቱቦ ውስጥ ይደፋል። የአዲስ አበባ ወንዞች ወደ አቃቂ ነው የሚወርዱት፤ በዳርቻቸውም አትክልት ይለማል። ቱቦው ራሱም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 1981 በአሜሪካዋ ሉዊቪል ከተማ ከአንድ የአኩሪ አተር ዘይት ፋብሪካ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ የገባ ሄክሳን እንፋሎቱ በመንገዱ ሥር ተጠራቅሞ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ በመንገዱ ላይ የሄደች አንዲት መኪና ፍንጣሪ ለኮሰው። ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ ከሥሩ ተገለበጠ። ሰው ያልሞተው ሰዓቱ ማለዳ ስለነበረ ነው።

ያው ሄክሳን በአግባቡ ሲያዝ ግን ምን ያህል እንደሚተርፍ የዘይት ኢንዱስትሪው ያሳየናል። በአሟሚ የሚሠሩ ፋብሪካዎች የተፈጨውን አኩሪ አተር ከክብደቱ ጋር በሚቀራረብ መጠን ሄክሳን ያጥቡታል፣ ዘይቱ ይሟሟል፣ ከዚያ ሄክሳኑን በሙቀት አትንነው፣ በቀዝቃዛ ቧንቧ አሳልፈው እንደገና ፈሳሽ ያደርጉታል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሚፈቀደው ብክነት በአንድ ቶን አኩሪ አተር ከ0 ነጥብ 8 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ይህም ማለት ከአንድ ሺው እጅ አንዱ እንኳ አይባክንም፤ ያው ፈሳሽ ደጋግሞ ይዞራል።

ለቆሸሸው ቲነርም መንገዱ ይኸው ነው፤ እናቶቻችን አረቄ ሲያወጡ የሚያደርጉት ማፍላት፣ ማትነንና ማቀዝቀዝ ነው። ፈሳሾቹ የሚፈሉበት ሙቀት ይለያያል፦ አሴቶን በ56፣ ሄክሳን በ69፣ ቶሉይን በ111 ዲግሪ፤ ዛይሊን ደግሞ 140 አካባቢ። መሣሪያው ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ ፍንጣሪ የማያወጣና በዘይት ወይም በእንፋሎት የሚሞቅ መሆን አለበት። ቲነሩ እጅግ ካልቆሸሸ አብዛኛው ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል፣ ለማጠቢያም ይበቃል። በውጭ ምንዛሪ ለሚገባ ዕቃ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ታች የሚቀረው ዝቃጭ ግን አደገኛ ቆሻሻ ስለሆነ ለብቻው መያዝ አለበት።

እዚህም ላይ የጣሳው ጽሑፍ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ለእንጨት ሥራ ከሚውሉ ቫርኒሾች መካከል ናይትሮሴሉሎስ ያለባቸው አሉ። ናይትሮሴሉሎስ ሲደርቅና ሲሞቅ በራሱ የሚነድ ነገር ነው። የዚህ ዝቃጭ ያለበትን ቲነር ሳያውቅ እስኪደርቅ የሚያፈላ ሰው እሳት ያስነሣል። ስለዚህ ማንም በጓሮው በድስት እንዳይሞክረው አጥብቄ እለምናለሁ። ማጣራቱ ሥራ ቤቶች ተሰብስበው ባሉባቸው የጥቃቅንና አነስተኛ ሼዶች በጋራ፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ፣ እያንዳንዱ ጀሪካን ከየት እንደመጣና ምን እንደነበረበት ተመዝግቦ የሚከናወን መሆን አለበት። ከማስቲሹ የሚተነው ግን በዚህ መንገድ አይሰበሰብም። ለጫማ ሠሪዎቹ መፍትሔው አየሩን ማስወጣትና ሄክሳን በሌለበት ወይም በውኃ በተሠራ ማጣበቂያ መተካት ነው።

ሕግ የለንም አልልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ እንደሆነ ይናገራል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ኢትዮጵያ የሙያ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን 155ኛውን ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ነገር ግን አሠሪው ራሱ የማያውቀውን አደጋ ለሠራተኛው እንዴት ያስረዳል? ተቆጣጣሪውስ ይዘቱ ያልታወቀን ጣሳ በየትኛው መለኪያ ይመዝነዋል? ሕጎቹ እንዲሠሩ ከተፈለገ ጣሳው መናገር አለበት።

ስለዚህ የሚከተለውን እጠይቃለሁ፦

1. ማንኛውም ቲነር፣ ማስቲሽና ቀለም ማቅጠኛ፣ ከውጭ የገባም ይሁን እዚህ የተሞላ፣ ዋና ዋና አሟሚዎቹ በአማርኛና ሥራ ላይ በሚውልበት ክልል ቋንቋ ተጽፈውበት፣ በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት የተዘጋጁት የአደጋ ምልክቶችም ታትመውበት ይሸጥ። ነጋዴው የቅመማውን ምስጢር እንዲገልጥ አልጠይቅም፤ ሰው የሚጎዱትን ነገሮች ብቻ ይጥቀስ።

2. ቤንዞል ያለበት ማጣበቂያና ቲነር ከገበያ ይውጣ። ሄክሳን በብዛት ያለበት ማስቲሽም አየር ማስወጫ ለሌላቸው ትንንሽ ሥራ ቤቶች እንዳይሸጥ፣ በሌላ እንዲተካ ይደረግ። ናሙና ከገበያ እየተወሰደ ይመርመር፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጽ።

3. ቲነር በውኃ ጠርሙስ እየተቀዳ መሸጡ ይቁም። ሕፃናት ውኃ መስሏቸው ሊጠጡት ይችላሉ።

4. በሼዶቹ አካባቢ ያገለገለ ቲነር መሰብሰቢያና ማጣሪያ በጋራ ይቋቋም። ቱቦ ውስጥ መድፋትን መከልከል የሚቻለው ሌላ የሚወስዱበት ቦታ ሲኖር ነው።

5. ጤና ጣቢያዎች እጁ ወይም እግሩ የደነዘዘን ታማሚ ስለ ሥራውና ስለሚጠቀምባቸው ኬሚካሎች እንዲጠይቁ፣ መልሱንም እንዲመዘግቡ፣ ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋግራችሁ መመሪያ አውጡ።

የሥራ ቤት ባለቤቶችና ሠራተኞችም መንግሥትን ሳትጠብቁ ነገ የምትጀምሩት ነገር አለ። የማስቲሹን ጣሳ ክደኑት፤ ለሥራ አፈ ጠባብ የሆነ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ቅዱ። እንፋሎቱ ወለል ላይ ስለሚተኛ በግድግዳው ታች በኩል መውጫ ክፈቱለት፣ በተቃራኒው ደግሞ ንጹሕ አየር መግቢያ ይኑር። ማራገቢያ ካላችሁ ንጹሑን አየር ከውጭ ወደ ውስጥ እንዲነፋ አድርጉ እንጂ እንፋሎቱን በሞተሩ በኩል አትሳቡት፤ ሞተሩ ፍንጣሪ አለው። ከሰሉንና ቡናውን ከክፍሉ አውጡ። ማስቲሽ ያለበት ክፍል ውስጥ ማንም አይደር። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችንም ለዚህ ሥራ አታሰማሩ።

ስለ ልጆች ካነሣሁ በየመንገዱ ማስቲሽ የሚስቡትን ልጆች ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ለረሃብና ለብርድ ማስረሻ የሚስቡት ቶሉይን የአንጎልን ነጭ ክፍል የሚጎዳ ነው፤ ሲቆይም መራመድን፣ ማየትንና ማሰብን ይነካል። ለእነዚህ ልጆች ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ ቤትና ጎልማሳ ጠባቂ ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን ማን፣ ለማን፣ ምን እንደሚሸጥ የሚታወቅበት ገበያ ለእነሱም የመጀመሪያው አጥር ነው።

የጣሳውን ጽሑፍ ለመጀመር አዲስ ፋብሪካም አዲስ አዋጅም አያስፈልግም። ኬሚካሉ አገር ውስጥ ሲገባ ይዘቱ በሰነዱ ላይ ይገለጻል፤ እሱን ወደ ጣሳው ማስተላለፍ ነው የቀረው። አራታችሁም መሥሪያ ቤቶች በጋራ ተቀምጣችሁ ከየትኛው ምርት እንደምትጀምሩና እስከ መቼ እንደምትጨርሱ በግልጽ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ። መልሳችሁን ለእኔ በደብዳቤ ሳይሆን ጫማ ሠሪው፣ እንጨት ሠሪውና ቀለም ቀቢው በሚሰሙት መንገድ በአደባባይ ስጡን።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የኬሚስትሪ መምህር
አዲስ አበባ